የጋሼ ሳና ሰባት ምላጮች

የጋሼ ሳናን ሞት የነገረኝ ከሶዶ ጨው ጭኖ አረካ የገባ ሹፌር ነው። ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ያ ደንቆሮው ድሬሰር ትናንት አረፈ። ዛሬ ከሰዓት ነው ቀብሩ» አለኝ። ደንቆሮ ማለቱ ስድብ አልነበረም፤ ከተማው የሚያውቀው በዚያ ነበር። ከመደንቆሩ በፊት የነበረውን ጋሼ ሳናን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ጆሮው በምን ምክንያት እንደጠፋ ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሹፌሩ ጨውን አራግፎ እስኪጨርስ ጠበቅሁትና ከጎኑ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሁሉ እሱ ሲያወራ፣ እኔ ደመና የለበሰውን የዳሞታን ተራራ እያየሁ ሶዶ ደረስን።

በሃምሳዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ሶዶ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ አብረን እንሠራ ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። እሱ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ ሐኪሙ ገጠር ሲወጣ ደግሞ ሐኪምም ነበር። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጠኛል። ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ሲራመድ አንዱ ትከሻው ቀድሞ ይሄዳል። ወላይትኛው የሚጣፍጥ ነበር፤ አማርኛው ላይ ግን ወንዴና ሴቴ ይምታቱበታል። ሐኪሙን «መጣች» ይላል፤ አዋላጇን «ተቆጣ» ይላል። አዲስ ሰው ሲስቅበት አብሮ ይስቃል። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ኢሻ» ነበር የሚለኝ፤ ወንድሜ ማለት ነው።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን በጉያው ይዞ መጣ። አሮጌ ብረት ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛት። ሻጩ «የዶክተር ዕቃ ነው» ከማለት በቀር የምን እንደሆነች ራሱም አያውቅም። ሣጥኗ ከመዳፍ ብዙ አትበልጥም፤ ውስጧ ብል የበላው ቀይ ከፋይ ተነጥፏል። መሐሉ ላይ እጀታው እየተሽከረከረ የሚገጠም፣ ጫፉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ተጋድሟል። ከጎኑ ሰባት ብረቶች በሰባት ስንጥቅ ውስጥ ቆመዋል። ስለታቸው የምላጭ ነው፤ ግን እኛ የምናውቀው ስስና ሁለት አፍ ያለው ምላጭ አይደሉም። አፋቸው አንድ፣ ጀርባቸው ወፍራም፣ ከቢላዋ ላይ በሁለት ጣት ስፋት የተቆረጡ ይመስላሉ።

ለሳምንት ያህል ስለ እሷ ተነጋገርን። ዘበኛችን የጫማ ሰፊ ዕቃ ናት አለ። ሐኪሙ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ ቆዳ ነቅሎ ለመለጠፍ ይሆናል ብሎ መለሰለት። ጋሼ ሳና በሁለቱም አልረካም። በምሳ ሰዓት የተቀቀለ ቦይናውን፣ ጎደሬውን ማለት ነው፣ እየላጠ ሣጥኗን ወደ እኔ ገፋት።

«ኢሻ፣ አንተ የተማርክ ነህ። እዚች ጀርባ ላይ የተጻፈችው ምን ትላለች?»

ወደ ብርሃን አቅርቤ አየሁ። በየምላጩ ጀርባ ላይ ደቃቅ ፊደል ተቀርጿል። «እንግሊዝኛ ነው፣ ጋሼ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። የቀን ስም ነው።»

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም።»

ቦይናውን አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። «በየቀኑ የሚሠራባት ናት ማለት ነው። ሰው በየቀኑ ምን ትሠራለች? ትበላለች፤ ይቺ የመብል አይደለችም። ትታጠባለች፤ የመታጠቢያም አይደለችም። በየቀኑ እየመጣች በየቀኑ የምትቆረጥ ነገር ምንድን ናት?» አለና ሳይጨርስ የቁስል መቆንጠጫውን አነሳ። የከፋዩን ጠርዝ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ የደረቀ ሳሙና ተጋግሯል፤ ሳሙናው ላይ እንደ ጤፍ አገዳ የቀጠነች አንዲት አጭር ቀይ ጠጉር ተጣብቃለች።

«ጢም ናት!» ብሎ ተነሳ። «የጢም መላጫ ናት፣ ኢሻ! ባለቤቷ ቀይ ጢም ነበረች!» እንዲያ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ምንነቷን አወቀ፤ አጠቃቀሟ ግን ወር ፈጀበት። መጀመሪያ ሰሞን ፊቱ ላይ ጥጥ ሳይለጥፍ የገባበት ቀን የለም። ምላጩ ከሁለት ጥቃቅን ሞላዎች ሥር ተንሸራቶ ሲገባ «ቀጭ» ማለት እንዳለበት፣ ካላለ እንደሚንቀሳቀስ፣ በደሙ ነው የተማረው። እጀታዋን ቀጥ ሲያደርጋት ትነክሳለች፤ ዝቅ ሲያደርጋት ትንሸራተታለች። ትክክለኛውን ሲያገኘው ድምፁ ይለወጣል፤ ደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ ማጭድ «ክሽ፣ ክሽ» ይላል። ስለቷን ከወንዝ ባመጣው ልሙጥ ጥቁር ድንጋይ ላይ በዘይት ያወጣና በቀበቶው ያለሰልሳል። የሚሞክራት በግራ ክንዱ ጠጉር ላይ ስለነበር ያ ክንዱ ዓመቱን ሙሉ ራቁቱን ነበር። ሊማር ለመጣ ሁሉ አንድ ምክር ነበረው። «እጅህ አይግፋት። ክብደቷ ትሥራ። ጠጉር እንደ ሣር ናት፤ ወደተኛችበት እጨዳት።» ምላጮቹ ሰባት የሆኑበትንም ምክንያት ደርሶበታል። «ብረትም ይደክማል። አንድ ቀን ትሠራለች፣ ስድስት ቀን ታርፋለች።»

በዚያ ክረምት ትኩሳቱ ገባ። ከቅማል የሚመጣው፣ ሰውን አስለፍልፎ የሚገድለው ትኩሳት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ በጊዜያዊ እስር ቤትነት አርባ ያህል ሰው ታጉሮበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ሬሳ ከዚያ ወጣ። ሐኪሙ የእስረኞቹ ራስ ይላጭ፣ ልብሳቸው በበርሜል ይቀቀል፣ የቅማል መግደያው ዲዲቲ ይነፋባቸው ብሎ አዘዘ። የዘበኞቹ አለቃ፣ አንድ አሥር አለቃ ነበር፣ ምላጭ አይገባም ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ በፊት አንድ እስረኛ በምላጭ ራሱን ቆርጦ እሱን አስቀጥቶታል።

ጋሼ ሳና ሣጥኗን ይዞ ሄደ። ምላጩ በሞላ እንደተያዘ፣ ጥርሱ ቆዳን ከመቆረጥ እንደሚከላከል በራሱ ክንድ ላይ አሳየው። አሥር አለቃው አየ፣ አየና በአንድ ቅድመ ሁኔታ ፈቀደ። «ሰባት ገብቶ ሰባት ይወጣል። ቆጥሮ የሚፈርም ሰው አምጣ።» ቆጥሮ የሚፈርመው እኔ ሆንኩ።

ሁለት ቀን ሠራን። ጋሼ ሳና አንድ እስረኛ በተነሳ ቁጥር ምላጩን በአልኮል ያጥባል፤ ሲደነዝዝ ይለውጣል። ውስጡ የሽንትና የላብ ሽታ፣ የሚቃዥ ሰው ድምፅ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ስም እጽፋለሁ። እሱ መሐል ገብቶ ጎንበስ እያለ፣ እያንዳንዱን ራስ በሁለት መዳፉ ይዞ በወላይትኛ ያናግራል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምግብ ማን እንደሚያመጣለት ይጠይቃል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጨርሰን በር ላይ ሣጥኗን ከፈትኩ። ስድስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። የዓርብ ስንጥቅ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ዓርብ የለም» አልኩት። «ለአሥር አለቃው እንንገረው።»

ክንዴን ያዘ። «ብንነግራት አርባ ሰው ትገረፋለች።»

«ባንነግረውስ?»

«ባንነግራት አንድ ሰው ትሞታለች።» «ስለዚህ እገባለሁ። አንተ ሣጥኗን ዝጋና ጠብቀኝ። ምንም አትናገር።» ለዘበኛው ዲዲቲ ያልተነፋባቸው ቀርተዋል ብሎ ተመልሶ ገባ።

በውስጥ የሆነውን በኋላ አንድ የተፈታ እስረኛ ነገረኝ። ጋሼ ሳና መሬቱ ላይ፣ ቅማሉ መሐል፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። «አንድ ምላጭ ጠፍቶብኛል። ለዘበኞቹ አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። ሳላገኛት ግን አልወጣም» አላቸው። ያመመውን ውኃ እያጠጣ፣ ልብሱን የጣለውን እያለበሰ ቆየ። ብዙ ቆይቶ አንጁሎ የሚባል ከቢጠና በኩል የመጣ ገበሬ አጠገቡ ተንፏቆ መጣ። አንጁሎ በድንበር ጠብ የአጎቱን ልጅ በዶማ መትቶ ገድሏል ተብሎ ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው ነው።

«ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት» አለው። «ምግብ ተሸክማ እየተመላለሰች እግሯ ቆሰለ። እኔ ከሞትኩ ታርፋለች።»

«አታርፍም» አለው ጋሼ ሳና። «የዛሬውን ምግብ ይዛ መጥታ ሬሳህን ተሸክማ ነው የምትመለሰው። ይህን ነው ዕረፍት የምትለው?»

አንጁሎ አለቀሰ። ጋሼ ሳና እጁን ዘርግቶ ጠበቀው። «ስጠኝ። ማንም አይነካህም። እኔና አንተ እንወቀው» አለው። ያን ጊዜ ሰውየው ከጋቢው እጥፋት ውስጥ ምላጩን አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

እኔ ደጅ ነበርኩ። አሥር አለቃው ከሻይ ቤት ሲመለስ ብቻዬን ቆሜ አየኝ።

«ጓደኛህስ?»

«ውስጥ ነው። ዲዲቲ...»

ዓይኔን አየ። «ቆጠርክ?»

«ቆጥሬያለሁ።»

«ሰባት ናቸው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ሣጥኗን አልጠየቀኝም። ቃሉ አንድ ነው፤ አዎ። ጋሼ ሳናም እጁ ላይ ምላጩን ይዞ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። እኔ ግን ያሰብኩት የፈረምኩትን ወረቀት ነው። ሰው ቢሞት እዚያው ቤት ውስጥ የሚያስገባኝ ፊርማ። አፌን ከፈትኩና፣ «ስድስት ናቸው» አልኩ።

አራት ዘበኞች በሩን በርግደው ሲገቡ ምላጩ በጋሼ ሳና መዳፍ ላይ ነበር፤ የአንጁሎ ጣቶች ደግሞ ገና ከመዳፉ አልተነሱም ነበር። ማን እንደሰረቀ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። አንጁሎን ጎትተው ግቢው መሐል አጋደሙት። ጋሼ ሳና «ሰጥቶኛል! በፈቃዱ ሰጥቶኛል!» እያለ የአሥር አለቃውን ክንድ ያዘ፤ ገፍትረው ጣሉት። እንደገና ተነስቶ በሰውየው ላይ ተደፋ፤ ጀርባው ላይ ሁለት አለንጋ አረፈበት። አንስተው ከበር ውጭ ወረወሩት። እኔ ሣጥኗን አቅፌ ቆሜያለሁ። የአንጁሎ ዓይን ከበሩ ውጭ ወደቀረው ወደ ጋሼ ሳና ነበር። ምን ብሎ እያሰበ እንደሆነ እኔም ጋሼ ሳናም ገብቶናል። ተታለልኩ ብሎ ነው የሚያስበው።

ክሊኒኩ ስንደርስ መዳፉን ዘረጋ። ምላጩን ጨብጦት ኖሮ መዳፉን ሰንጥቆታል። «ዓርብን ቦታዋ መልሳት» አለኝ። ለምን ተናገርክ አላለኝም። የምላጩን መጥፋት የምናውቅ ሁለት ብቻ ነበርን፤ ማን እንደተናገረ ምኑን ይጠይቃል?

በበነጋው አንጁሎን ላክመው ብሎ ሄደ፤ አላስገቡትም። ትኩሳት የጀመረው ሰውነት ያን ግርፋት አልቻለም፤ አንጁሎ በአራተኛው ቀን ሞተ። የሞቱን ወረቀት የሞላሁት እኔ ነኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «በትኩሳት» ብዬ ጻፍኩ፤ አሥር አለቃው እንዲያ ነው ያለው። ጋሼ ሳና ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ እስትንፋሱ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። አንብቦ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱ ራሱ ወደቀ። መሬት ላይ ተቀምጦ የቆየባት ያቺ ከሰዓት ናት ያስያዘችው። ከሃያ ቀን በላይ ለፈለፈ፤ ሚስቱ ወይዘሮ አየለች ልብሱን ሁሉ ይዛ ለቀብር ተዘጋጅታ ነበር። ዳነ። ሲነሳ ግን የመኪና ጥሩምባ ከኋላው ቢነፋ አይሰማም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። የሚነገረውን በወረቀት እንጽፍለታለን፤ እሱ በአፉ ይመልሳል፤ ድምፁን ስለማይሰማው አንዳንዴ ይጮኻል። ራሱ የቆሰለ ልጅ ሲመጣ፣ ለቀዶ ጥገና የሚዘጋጅ በሽተኛ ሲኖር በዚያች መላጫ ይላጫል። በስድስቱ ብቻ። ዓርብን ከስንጥቋ አውጥቷት አያውቅም። ዓርብ ዓርብ የሚላጭ ሰው ከመጣ «ነገ ና» ይላል፤ ኦርቶዶክሶቹ ጾሙን አክብሮ ይመስላቸዋል።

ስንት ጊዜ ወረቀት አንስቼ «የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ልጽፍለት እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። አንድ ጊዜ ጽፌው ኪሴ ከተትኩ። እሱ አይቶኛል። «ኢሻ፣ የምትሰጠኝ አለ?» አለኝ፤ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ የለም ብዬ። ዓይኑን ሳይነቅል ብዙ ቆየ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ። በዓመቱ ወደ አረካ መዛወር ጠይቄ ሄድኩ። ሰው ዕድገት ፈልጎ ነው አለኝ፤ ከዓይኑ እየሸሸሁ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በለቅሶው ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ የለበሰ አንዲት ሴት፣ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነውን ልጅ አስከትላ ገባች። የሚያውቃት አልነበረም። ለቀስተኛው ቦታ ሊሰጣት ተንቀሳቀሰ፤ አልተቀመጠችም። በወላይትኛ፣ «የአንጁሎ ሚስት ነኝ፤ ከቢጠና» አለች።

የያዝኩትን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ይህ ሰውዬ» አለች ወደ ባዶው አልጋ እያየች፣ «ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ በዘመን መለወጫው፣ በጊፋታ ማግስት ቤቴ መጣ። ማን ነህ ሳልለው፣ ባልሽ ያመነኝ ሰው ነኝ አለ። ምስጢሩ በእኔ በኩል ወጣ፣ በእኔ ምክንያት ተገረፈ አለኝ። ውሻ ለቀቅሁበት። በሚቀጥለው ዓመት ጊፋታም መጣ። ከአጥሬ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እሰድበዋለሁ፣ እረግመዋለሁ፤ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። ለካ አይሰማም ኖሯል። መስማት እንደማይችል ያወቅሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ቢሆንም ግባ አላልኩትም። አሥራ አንድ ጊፋታ፣ አንድ ቀን እንኳ ግባ አላልኩትም። ሲመሽ ለልጁ ልብስ፣ ለኔ ጨው ድንጋዩ ላይ ትቶ ይሄዳል።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ሞተ ሲሉኝ ይቅር ልለው መጣሁ። አሁን ለማን ልበለው?»

ወይዘሮ አየለች አፏን ይዛ ታያታለች። በየጊፋታው ማግስት ባሏ የት እንደሚጠፋ ያን ዕለት ነው ያወቀችው።

ተነሳሁ።

«እሱ አይደለም» አልኩ። «እሱ ባልሽን አሳልፌ አልሰጥም ብሎ ተመልሶ የገባው ሰው ነው። ደጅ ቆሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። የሞቱንም ወረቀት በትኩሳት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ቀስ ብላ ዞረች። «እሱ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«አንተ መሆንህን እያወቀ ነው ከአጥሬ ውጭ የተቀመጠው?»

«አዎ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አልጋው እግር ሥር ተደፋች። እንዲያ ያለ ልቅሶ ለባሏም አልቅሳ እንደሆነ እንጃ። ስትነሳ የልጇን እጅ ይዛ፣ በአጠገቤ አልፋ፣ ሳታየኝ ወጣች። ልጁ ግን አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ።

በዚያው ዓመት ጊፋታ ማግስት ሌሊቱን ተነስቼ ወደ ቢጠና ሄድኩ። ቤቷን መንገደኛ አሳየኝ። አጥሩ የቁልቋል ነው፤ ከውጭ በኩል መሐሉ ልሙጥ የሆነ ድንጋይ አለ። ተቀመጥኩበት። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በሩ ተከፈተ። ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። በሩን ግን አልዘጋችውም። እስኪመሽ ጠበቅሁ፤ ውሻ አልለቀቀችብኝም፣ ግባም አላለችኝም። ዘንድሮም ሄጄ ነበር።